ገፈርሳ ላይ ቆመን «ደርሰናል» ያልኩበት ቅዳሜ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። የሚሰማኝ ሰው ሁሉ የመኪና ብልሽት ወሬ ይመስለዋል። እኔም ሳወራው ከመኪናው ነው የምጀምረው፣ እሱ ስለሚቀለኝ። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ግን መኪናው አይደለም። በእኔ አንዲት ቃል ምክንያት አንዲት ሴት በወንድሟና በዘመዶቿ ፊት ውሸታም ተብላ ከረመች። ቃሏን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዕድሜዋ የተማሪዎቼን እጥፍ የሆነ ነጭ አሮጌ መኪና አለችኝ። የሱሉልታን የክረምት ጠዋት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጣት መሪ ላይ ደርቆ ይቀራል። የእኔዋ መኪና በሩ በስንት ትግል ነው የሚዘጋው፣ ሬዲዮው ከሞተ ቆይቷል፣ ሂተሯ ግን ለጉድ ነበር። ባለቤቴ አስቴር «ይቺ መኪና እግር ለማሞቅ እንጂ ለመንገድ አልተሠራችም» እያለች ትቀልድብኛለች።

መስከረም ላይ አንድ ቀን ከእግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ረጥቦ አገኘሁት። የፊት መስታወቱም በውስጥ በኩል ጉም እየለበሰ አላሳይ አለኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ነገሩ ቀላል ነው። የሞተሩን ሙቅ ውሃ ወደ ሂተሩ ከሚያመላልሱት ሁለት ጥቁር ጎማዎች አንዷ ተሰንጥቃ ጠብ ጠብ ትላለች። አውራ ጣት የምታህል፣ ከስንዝር ትንሽ የምትረዝም ጎማ ናት።

ሰበታ ሳስተምር ጀምሮ የማውቀው መካኒክ አለኝ። ደወልኩለት። «ሁለቱ ጎማዎች እኩያሞች ናቸው» አለኝ። «አንዷ ከሄደች ሌላዋም መንገድ ላይ ናት። አምጣትና ሁለቱንም እንቀይራቸው። እስከዚያ ደግሞ እባክህ፣ እንዳትነካካት።»

እንዳትነካካት ባይለኝ ኖሮ ምናልባት አልነካካትም ነበር። እኔ እንዲህ ነኝ። ለስንዝር ጎማ ሱሉልታን ለቅቄ አዲስ አበባን አቋርጬ ሰበታ ድረስ? ለዚያውም የፊዚክስ መምህር ሆኜ? በእልህ ካቻቢቴ ይዤ ወጣሁ። የተሰነጠቀችውን ጎማ ፈታሁና ለናሙና በፌስታል ይዤ ወደ ገበያ ሄድኩ።

የመኪና መለዋወጫ ቤቱ ዝግ ነበር። አጠገቡ ያለ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ገባሁ።

«የሂተር ጎማ አለ?» አልኩት ሻጩን።

«አለ እንጂ። ሙቅ ውሃ ነው የሚያልፍበት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይሄ ነው። ሰው ሁሉ ለሂተር የሚወስደው ይሄንን ነው። ሙቅ ውሃ ይችላል።»

ውስጡ ክር ያለው፣ ወፈር ያለ ሰማያዊ ጎማ ነው። ለካካሁት፣ ልክ ነው። እሱ ሂተር ሲል የመታጠቢያ ቤቱን ሂተር ማለቱ ነው። እኔ ሂተር ስል የመኪናውን ማለቴ ነው። በአንድ ቃል ተግባብተን፣ ተመራርቀን ተለያየን። ገላ የምንታጠብበት ውሃና ሞተር ውስጥ የሚፈላ ውሃ አንድ እንዳልሆኑ ለመናገር ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። እኔ ግን ሙቀት ሲጨምር ግፊት ይጨምራል እያልኩ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው ሆኜ አላሰብኩትም።

ጎማውን አስገባሁ፣ በማሰሪያ ብረቱ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት፣ ራዲያተሩን ውሃ ሞላሁ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ከቤቴ ትምህርት ቤት ድረስ ሞተሩ ሞቅ ሳይል የሚያልቅ መንገድ ስለሆነ አራት ቀን ሙሉ በሰላም ነዳሁ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያልሰማኝ ሰው የለም። ጠጂቱ እንኳን «ቲቸር፣ እንግዲህ ጠመኔውን ጥለህ ጋራዥ ክፈት» ብላ ስቃብኛለች።

ጠጂቱ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ቤቷም ከቤታችን አጠገብ ነው። ከአስቴር ጋር እንደ እህትማማች ናቸው። የመናገሻ ገበሬ ልጅ ናት፤ እናቷና ታላቅ ወንድሟ ደበላ እዚያው ናቸው። እናቷን «አዮ» ነው የምትላቸው። በወሬዋ ሁሉ አዮ አሉ፤ አዮ እንዲህ አለች፣ አዮ እንዲህ አደረገች። እኛም በዓይናችን ሳናያቸው አወቅናቸው።

በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ።

«መምህር፣ ደበላ ነኝ፤ የጠጂቱ ወንድም» አለኝ።

ከድምፁ ገባኝ። እናታቸው ጎህ ሲቀድ አርፈዋል። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጠጂቱ አልሰማችም።

«መርዶውን እዚህ ስትደርስ ሽማግሌዎች ይነግሯታል» አለኝ። «እርስዎ እናትሽን ትንሽ አሟቸው ነው ብለው ያምጡልኝ። በታክሲ እንዳትመጣ። ዛሬ የመናገሻ ታክሲ የሚጭነው ለቀስተኛ ነው። አንዱ እግዜር ያጽናሽ ቢላት መንገድ ላይ ትወድቅብኛለች። እስከ ሰባት ተኩል ካደረሱልኝ ይበቃል።»

«አይዞዎት፣ ኦቦ ደበላ። አደርሳታለሁ» አልኩ። እናቱን ያጣ ሰው አደራ ሲል ሌላ ምን ይባላል?

አስቴር ስነግራት ጓዳ ገብታ አለቀሰችና ፊቷን ታጥባ ወጣች። ጠጂቱ ቤት ሄዳ የውሸቱን ነገረቻት። «ጥቁሩን ቀሚስሽን ልበሺ፣ እዚያ ጭቃ ነው፣ ሌላው ይቆሽሽብሻል» ብላ አለበሰቻት። ጠጂቱ አልተጠራጠረችም። መጀመሪያ ደንገጥ አለች፤ ወዲያው ግን «ደም ግፊቷ ነዋ! መድኃኒቷን ትታው ይሆናል። እኔ ካልተቆጣኋት አትውጥም እኮ» ብላ ከጎኔ ተቀመጠች።

እንጦጦን ተሻግረን በአዲሱ ገበያ ወረድን። በዊንጌት፣ በአስኮ አድርገን ቡራዩ ደረስን። መንገዱን ሁሉ እሷ ታወራለች፣ እኔ እሺ እላለሁ። አዮ ሐኪሙን እንዴት እንደተቆጡት፣ አዮ ዶሮ ጠፍታባቸው መንደሩን እንዴት እንዳመሱት ነገረችኝ። እየሳቀች ነው የምታወራው። እኔ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም። አንጀቴን በላችው።

ቡራዩ ስንደርስ «አቁምልኝ፣ ለታመመ ሰው ባዶ እጄን ልግባ?» አለች። ምን ልበላት? አቆምኩ። ብርቱካን መርጣ ገዛች። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ይህችን አሥር ደቂቃ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ሰው ሁሉ ይዞ የዞረው እሷን ነው።

ከቡራዩ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ላይ እየወጣ ነበር። የገፈርሳ ውሃ በባሕር ዛፎቹ መሃል ብልጭ ሲል አየሁት። በዚያው ቅጽበት ከፊት ለፊታችን ቡፍ አለ። እንፋሎቱ መኪናውን ሞላው፤ መንገዱ ጠፋኝ። በግምት ዳር ይዤ አቆምኩ። ጠጂቱ መጀመሪያ ጮኸች፤ ምንም እንዳልሆንን ስታይ ግን በሳቅ ፈነዳች።

«ቲቸር፣ መኪናህ ሻወርም አለው እንዴ?»

ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ሰማያዊው ጎማ እንደ ማስቲካ ለስልሶ፣ ከማሰሪያው ሥር ተተርትሯል። ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው። አንድ ባጃጅ የያዘ ሰው ቆሞ «ምን ልርዳችሁ? መካኒክ ልጥራ?» አለ። «ኧረ ትንሽ ነገር ናት፣ እኔው እጨርሳታለሁ» ብዬ መለስኩት። ሰውዬው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ዛሬ ፊቱ ትዝ ይለኛል።

ጠጂቱ ጀሪካኑን ይዛ ከመንገዱ በታች ወዳለ ገበሬ ቤት ውሃ ልታመጣ ወረደች። ያኔ ደበላ ደወለ። ስድስት ሰዓት ከአርባ ነው። ስልኩን ሳነሳ ጠጂቱ ጀሪካኑን ተሸክማ ዳገቱን እየወጣች ነው፤ ውሃውን ከሰጠቻት ሴት ጋር በኦሮምኛ ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

«መምህር፣ የት ደረሳችሁ?» አለ ደበላ።

«ደርሰናል፣ ኦቦ ደበላ፤ ደርሰናል» አልኩት።

እዚህ ላይ ለራሴ ብዙ ሰበብ ሰጥቻለሁ። እሷ እየሰማችኝ ነበር እላለሁ። ግን መኪናው መበላሸቱ ምስጢር አልነበረም። እሷ አጠገቤ ቆማ ብትሰማው ምንም አልነበረበትም። «ጎማ ፈነዳብን፣ ገፈርሳ ነን» ማለት እችል ነበር። ያላልኩት አፍሬ ነው። አደራ የተቀበልኩ ሰው፣ በገዛ እጄ በሠራሁት ጎማ መንገድ ላይ ቀረሁ ማለት አቃተኝ። ደግሞ ሁላችንም አልጋ ላይ ተኝተን «መንገድ ላይ ነኝ»፣ ቤታችን ቁጭ ብለን «ደርሻለሁ» እንል የለ? ምላሴ ለምዶታል። በአሥር ደቂቃ እጠግናታለሁ፣ ማን ያውቃል አልኩ።

ደበላ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዘጋ።

ጠጂቱ ውሃውን አስቀምጣ «ማን ነው?» አለችኝ። «ወንድምሽ ነው፤ እየጠበቀን ነው» አልኳት። «እሱ ደግሞ ችኩል ነው። አትጨነቅ፣ ቀስ ብለህ ሥራ። እንዲህ እየተጣደፍክማ ትቃጠላለህ» አለች። የምጣደፍበትን ምክንያት አላወቀችም። «አዮ የትም አትሄድብንም» አለችኝ ደግሞ። በሕይወቴ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የከበደችኝ የለችም።

የተቀደደውን ጫፍ ቆርጬ ጎማውን መልሼ አስገባሁ፣ አጠበቅኩ፣ ውሃ ሞላሁ። ተነሳን። ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳንሄድ እንደገና ፈነዳ። አሁን ጭራሽ ለሁለት ተሰንጥቋል።

እዚያ ቆመን ሳለ አንድ ሚኒባስ አለፈ። ሰዎቹ ጥቁር በጥቁር ናቸው። ጠጂቱ እጇን አውለበለበች። «የሰፈራችን ሰዎች ናቸው! ያቺ ብርቂቱ ናት!» አለች። በመስኮት በኩል የነበረችው ሴት ጠጂቱን አየችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጠጂቱ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። «ምነው? አላወቀችኝም እንዴ?» አለች። እኔ ጎንበስ ብዬ የማሰሪያውን ብሎን መፍታት ቀጠልኩ። ልንገራት አልኩ፤ አፌ ድረስ መጣ። «ጠጂቱ» ብዬ ጠራኋት። «አቤት» አለች። «ካቻቢቴውን አቀብይኝ» አልኳት።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ሲቀረው የባሕር ዛፍ አጠና የጫነ መኪና አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ ሳልጠራው ወርዶ መጣ። ጎማውን አንስቶ አየውና እኔን አየኝ።

«ይሄ እኮ የመታጠቢያ ቤት ነው» አለ።

ሌላ አልተናገረም። ያቺን ያላለቀችውን ሁለተኛዋን ጥቁር ጎማ ከሂተሩ በኩል ነቀላትና ከሞተሩ በወጣችበት ዞራ እዚያው ሞተሩ ላይ እንድትገባ አደረጋት። ውሃው ወደ ሂተሩ ሳይሄድ ተመለሰ ማለት ነው። ሁለት ማሰሪያ አጠበቀ፣ ውሃ ሞላ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ። በሰዓቴ አየሁት፤ ስምንት ደቂቃ ነው የፈጀበት።

«ሂተሩስ?» አልኩት እንደ ሞኝ።

«ሞተሩ ሂተር ምን ያደርግለታል? ሂተር ለሰው ነው» አለኝ። ጠጂቱ «ገለቶሚ» ብላ ስታመሰግነው ፈገግ ብሎ መኪናው ላይ ወጣ።

እንግዲህ ስምንት ደቂቃ! ባጃጁ ሲቆምልኝ እሺ ብል፣ ወይ ያንን ሾፌር የመሰለ አንድ ሰው ለምኜ ባስቆም፣ በስድስት ተኩል መንገድ ላይ ነበርን።

ለደበላ ደወልኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ስልኩ ተዘግቷል። ለካ ጸሎተ ፍትሐት ላይ ናቸው። ረገጥኩት። አስፋልቱን ለቅቀን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው የጭቃ መንገድ ስንገባ ስምንት ሰዓት ከሃያ ይላል። ዝናብ ጀምሯል። ጠጂቱ «ቤቱ በዚህ በኩል አይደለም እኮ» አለች።

ከዛፎቹ ሥር ብዙ ሕዝብ ወደ እኛ ሲመጣ ታየን። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። እየተመለሱ ነው።

«ቲቸር፣ ማን ሞቶ ነው?» አለች ጠጂቱ።

አሁን እንኳ አልነገርኳትም። ከፊት ደበላ እየመጣ ነበር፤ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ይዘውታል። ጠጂቱ ወንድሟን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «አቁም» አለችኝ፤ የሷ ድምፅ አልመሰለኝም። ወረደች። የብርቱካኑን ፌስታል እንደያዘች ነው የወረደችው። ጩኸቷን እዚህ አልጽፈውም።

ሦስት ቀን ድንኳን ተቀመጥን። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ቀስ በቀስ ሰማሁ። ደበላ ስልኬን ሲሰማ ደርሰዋል ብሎ አስከሬኑን ከቤት አስነስቶ ቤተ ክርስቲያን አስገባ። እህቴ በር ላይ ናት እያለ ካህናቱን አስጠበቀ፤ ወደ መንገዱ ሰው ላከ። ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ዝናቡ መጣ። በመጨረሻ ቀበሩ። እኔ ተበላሽተናል ብዬው ቢሆን ኖሮ አስፋልቱ ዳር መኪና ያለው ጎረቤት ነበረው፤ በሩብ ሰዓት ገፈርሳ ይደርስ ነበር።

ጠጂቱ መኪና ተበላሽቶብን ነው ብላ ነገረችው። ደበላ ምን አለ? «መኪናው ከተበላሸ መምህሩ ለምን ደርሰናል ይለኛል? መምህር ነው እኮ፣ ምን ሊያገኝ ይዋሸኛል? አንቺ ብርቱካን ስትመርጪ ነው እናትሽ የተቀበረችው።» ሰውም ተቀባበለው። ሴቶቹ ድንኳኑ ጥግ ሲንሾካሾኩ በጆሮዬ ሰማሁ። ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ብርቱካን።

ደበላ ግን ለእኔ ከመቀመጫው ተነስቶ እጅ ነሳኝ። «እርስዎ ባለውለታችን ነዎት» አለኝ። ውሃ ሆንኩ። የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሐዘን ላይ ነው፣ ሲረጋጋ እነግረዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ሱሉልታ ተመለስኩ፤ አንድ ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሆነ፣ ወር ሆነ። መኪናዋን ሰበታ ወስጄ ሁለቱንም ጎማ አስቀየርኩ። መካኒኩ ሰማያዊውን ቁራጭ ሲያይ ሊስቅብኝ ፈልጎ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

አርባው ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ጠጂቱ ክፍል ጨርሼ ስወጣ ጠበቀችኝ። ከስታለች። «ቲቸር» የምትለኝን ትታለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ውሃ ይዤ ስመጣ ደበላን በስልክ ምን አልከው?»

«ደርሰናል አልኩት።»

«ገፈርሳ ቆመን?»

«ገፈርሳ ቆመን።»

እንዲህ አለችኝ፦ «መኪናው ይበላሻል፣ እሱን ተወው። አልነገርከኝም፤ እሱም ባህላችን ነው፣ ታዝዘህ ነው። እኔ ግን ከወር በላይ ለወንድሜ እውነቱን እየነገርኩት ውሸታም ሆኛለሁ። አንተ እዚህ ክፍል ውስጥ ታስተምራለህ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«ለእኔ አይደለም የምትነግረው» ብላ ሄደች።

የአርባው ዕለት መናገሻ ሄድኩ። ሰው ከበላ ከጠጣ በኋላ፣ ካህናቱ ሊነሱ ሲሉ፣ ፈቃድ ጠይቄ ቆምኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ሰው ፊት ቆሜ ሳወራ፤ ያን ቀን ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎማውን እንዴት እንደገዛሁ፣ ባጃጁን እንዴት እንደመለስኩ፣ ብርቱካኑ አሥር ደቂቃ እንኳ እንዳልፈጀ፣ ገፈርሳ ዳር ቆሜ «ደርሰናል» እንዳልኩ።

የሟቿ ታላቅ ወንድም፣ ኦቦ ገመዳ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም። ወደ ደበላ ዞረው «ማል ጄዴ?» አሉት። ምን አለ ማለታቸው ነው።

ደበላ መተርጎም ጀመረ። ሁልጊዜ ለእሳቸው የሚተረጉመው እሱ ነው፤ ሳያስበው ነው የጀመረው። ስለ ጎማው ነገራቸው፤ ስለ ባጃጁ ነገራቸው። «ጌኜራ ናን ጄዴ» አለ፤ ደርሰናል አለኝ ማለት ነው። እዚያ ላይ ሲደርስ ቃሉን የሰማው ራሱ መሰለኝ። ድምፁ ተቋረጠ። አርባ ቀን ሙሉ እህቱን የከሰሰባትን ነገር በገዛ አፉ፣ በገዛ ቋንቋው፣ በሽማግሌዎቹ ፊት እያፈረሰው ነው።

ወደ ጠጂቱ ዞረ። ሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። «እህቴ» አለ። እንባው ወረደ።

ጠጂቱ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። አላለቀሰችም።

«አታቋርጥ» አለችው። «አጎታችን እየጠበቁህ ነው። እስከ መጨረሻው ተርጉምላቸው።»

ደበላ ፊቱን በጋቢው ጠርጎ ተረጎመ። የብርቱካኑንም፣ የስምንት ደቂቃውንም፣ ሁሉንም። ኦቦ ገመዳ ሰምተው ሲጨርሱ ተነሱና ጠጂቱ ጋ ሄደው ግንባሯን ሳሟት። ለእኔ ምንም አላሉኝም። ደበላም ስሄድ አልሸኘኝም። እውነቱን ለመናገር አልከፋኝም።

ጠጂቱ ይቅር ብላኛለች። ራሷ ናት የነገረችኝ። ከአስቴር ጋር እንደ ድሯቸው ናቸው፤ እኔንም አንዳንዴ «ቲቸር» ትለኛለች። ከወንድሟ ጋር ታርቀው በዓሉን አብረው ዋሉ። ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ተስተካከለ» ይለኛል። ስሟን በተመለከተ፣ አዎ፣ ተስተካከለ። እሷ ግን እናቷ ሲቀበሩ አልነበረችም። ለመድረስ ጊዜ ነበራት፤ ስንት ሰዓት እንደቀራት የማውቀው እኔ ብቻ ሆኜ፣ እሷ እኔን አይዞህ ስትለኝ ዋለች።